ተደራጊ ግስና ያልተጠራው አድራጊ

ግስ አድራጊ፣ ተደራጊና አስደራጊ እየተባለ እንደሚከፈል ባለፈው ትምህርት ተመልክታችኋል። አሁን ስለ ተደራጊው በአንድ ምሳሌ እንነጋገራለን።

ገርጂ የሚኖሩ አጎት አሏችሁ እንበል። አዳማ ሥራ ስላገኙ በየቀኑ ለመመላለስ ያገለገለ ኮሮላ ሊገዙ አስበዋል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለ ተከለከለ፣ የሚመርጡት ቀድሞ ከገቡት ውስጥ ነው። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ደርሶ መልሱ 170፣ በወር 22 የሥራ ቀን ቢቆጠር 3,740 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጠዋት 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ቦታ ወደ 1,700 ገደማ ይወርዳሉ፤ ማታ ያንኑ ዳገት ይወጣሉ። በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት መንገድ ላይ የደከመ ፍሬን ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግታችሁም።

ቦሌ አካባቢ አንድ ደላላ መኪና አሳያቸውና እንዲህ አላቸው፦

«ሞተሩ ታድሷል፣ ጋሼ። ፍሬኑ ተፈትሿል። ጎማው ተቀይሯል። መኪናው ተገጭቶ አያውቅም።»

ዐረፍተ ነገሮቹ የሰዋስው ስሕተት የለባቸውም። ግን ማን አደሰው? ማን ፈተሸው? መቼ? በተደራጊ ግስ ድርጊቱን የተቀበለው ነገር የባለቤትን ቦታ ይይዛል፤ አድራጊው ሳይጠራ ሊቀር ይችላል። «ሞተሩን ባለፈው ጥር አሳድሼዋለሁ» ያለ ሻጭ በቃሉ ይያዛል፤ «ታድሷል» ያለው ግን የሚያዝበት የለም። ተደራጊ ግስ ሁሉ ማታለያ ነው ማለታችን አይደለም። «መንገዱ በ2007 ዓ.ም. ለተሽከርካሪ ተከፈተ» ስንል አድራጊው ባይጠራ ማንም አይጎዳም።

የተደራጊ ግስ ምልክት መነሻው «ተ» ነው፦ ፈተሸ፣ ተፈተሸ። ግሱ በ«አ» ሲጀምር ሁለቱ ተዋሕደው «ታ» ይሆናሉ፦ አደሰ፣ ታደሰ። «ይፈተሻል» በሚለው ውስጥ ደግሞ «ተ» ተውጣ «ፈ» ይጠብቃል። ሆኖም በ«ተ» የጀመረ ሁሉ ተደራጊ አይደለም፤ «ተቀመጠ» እና «ተቀበለ» የሚሉትን አስቡ።

የደላላው አራተኛ ዐረፍተ ነገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። «ተገጭቶ አያውቅም» ማለት ሌላ ተሽከርካሪ አልገጨውም ማለት ነው። መኪናው ራሱ ግንብ ገጭቶ ቢሆንስ? ደላላው አልዋሸም፤ ግን አልነገራቸውም። አጎታችሁ «ገጭቶስ ያውቃል?» ብለው መጠየቅ ነበረባቸው።

እርሳቸው ግን ወደ አስደራጊው ግስ ሄዱ፤ መኪናውን ራሳቸው በመረጡት መካኒክ አስፈተሹ፣ የሻንሲውን ቁጥርም ከሊብሬው ጋር አመሳከሩ። ፍሬኑ አልቆ ተገኘ።

መልመጃ

1. የደላላውን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አድራጊውንና ጊዜውን በመጨመር ወደ አድራጊ ወይም ወደ አስደራጊ ግስ ለውጡ።

2. «የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ተነክቶ አያውቅም» ለሚል ሻጭ የምታቀርቡለትን ሁለት ጥያቄዎች ጻፉ።

3. ስለ 2016 ዓ.ም. ክልከላ በተጻፈው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አድራጊው ተጠርቷልን? እኛስ ለምን ሳንጠራው የቀረን ይመስላችኋል?