ወይዘሮ ወርቂትን እንዴት ልሣላቸው?

(ከሚሴ ላይ፤ ሥዕል በምትማር ወጣትና ሥዕል ሲያስተምሩ በኖሩ አዛውንት መካከል)

ወጣቷ፦ አባባ፣ የወሎዋን ገዢ ወይዘሮ ወርቂትን ልሥላቸው ነው። ንድፌን ይዩልኝ። ነጭ ፈረስ ላይ ናቸው፣ በእጃቸው ሽጉጥ፣ ከኋላቸው የጨፋ ሜዳ።

አዛውንቱ፦ ማሻአላህ፣ እጅሽ በርትቷል። ግን ልጄ፣ እኚህ እኮ እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ልብሳቸውን ብቻ ነው የቀየርሽው።

ወጣቷ፦ የዓድዋን ሥዕል እያየሁ ነው የነደፍኩት። ተዋጊ ንግሥት ሌላ በምን ትታወቃለች?

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ከዓድዋ እንነሣ። የዓድዋን ሥዕል የሣሉት የጥንት ሠዓሊዎች ትምህርት ቤታቸው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። እዚያ ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ግን በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። በዚያው ሕግ የእኛን ሰው በአንድ ወገን፣ ጣሊያንን በሌላው አሰለፉ። የካቲት 23 የጊዮርጊስ ዕለት ነበርና ቅዱስ ጊዮርጊስን ከሰማይ አወረዱት። እቴጌን ፈረስ ላይ አስቀመጧቸው፣ ብዙ ጊዜም ሽጉጥ አስያዟቸው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉትን ታሪክ ብታነቢ ግን እቴጌ በዚያች የጭንቅ ሰዓት በእግራቸው ነበሩ፤ ጥቁር ጥላ ተይዞላቸው፣ ዓይነ ርግባቸውን ገልጠው፣ የሚያመነታውን ወታደር እያደፋፈሩ።

ወጣቷ፦ ታዲያ ሠዓሊዎቹ ዋሹ?

አዛውንቱ፦ አልዋሹም። ክብርን የሚናገሩት በፈረስ ነው፤ ተመልካቹም ይህን ያውቃል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። መቀሌ ላይ ጣሊያንን የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ ያስለቀቀው ጥም ነው፤ ምንጩ ይያዝ ብለው የመከሩት እቴጌ ናቸው። ዓድዋም ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ለተዋጊው ውሃ ያቀብሉ ነበር። ሽጉጡን የሣለ ብዙ ነው፤ ያንን ምክርና ያንን ገንቦ የሣለው ጥቂት ነው።

ወጣቷ፦ ውጭ አገርስ እንዲሁ አይደለም? ለንደን ውስጥ የቡዲካ የምትባል ንግሥት ሐውልት አለ። ሰረገላ ላይ ቆማለች፣ በእጇ ጦር፣ ሁለት ሴት ልጆቿ አጠገቧ፣ መንኮራኩሩ ላይ ማጭድ ተተክሏል።

አዛውንቱ፦ ጥሩ አነሣሽልኝ። ቡዲካ በ60 እ.ኤ.አ. ገደማ የኖረች የአይሲኒ ነገድ ንግሥት ናት። ባሏ ሲሞት ሮማውያን ሀብቷን ወረሱ፣ እሷን ገረፉ፣ ልጆቿን ደፈሩ። እሷም ሕዝቧን አስነሥታ ለንደንን ጨምሮ ሦስት ከተሞች አቃጠለች፤ በመጨረሻ ተሸነፈች። በዘመኗ የተሣለ መልኳ በእጃችን የለም። ረጅም፣ ዓይነ አስፈሪ፣ ጸጉሯ ወገቧን ያለፈ፣ አንገቷ ላይ ወፍራም ወርቅ ያጠለቀች ነበረች ብሎ የጻፈው ዲዮ ካሲየስ ነው። እሱም የጠላቷ ወገን ነው፣ የጻፈውም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ማጭዱን ደግሞ የጨመረው ቀራጩ ቶማስ ቶርኒክሮፍት ነው፤ በእሷ ሰረገላ ላይ ለመኖሩ ማስረጃ የለም። ሐውልቱ በ1902 እ.ኤ.አ. ፓርላማው አጠገብ ቆመ። አስቢው፤ የአንድን ኢምፓየር ግፍ የተዋጋችውን ሴት ሌላ ኢምፓየር ጌጥ አደረጋት። ቶርኒክሮፍት ሥራውን የጀመረው በ1856 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሳይጨርሰው በ1868 እ.ኤ.አ. የዚያችው ብሪታንያ ጦር መቅደላ ደረሰ። ቴዎድሮስ ሲሞቱ ወይዘሮ ወርቂትና ተቀናቃኛቸው ወይዘሮ መስታወት አምባው ለእኔ ይገባል እያሉ ይከራከሩ ነበር።

ወጣቷ፦ ስለዚህ የእኔ ፈረስ እንደ ማጭዱ ሆነብኝ ማለት ነው።

አዛውንቱ፦ ወርቂትን ስታስቢ መጀመሪያ ምን ይታይሻል?

ወጣቷ፦ ምኒልክ ከመቅደላ እስር ያመለጡበት ጊዜ። በእኛ አቆጣጠር በ1857፣ ሰኔ ላይ። የወርቂት ልጅ ግን እዚያው አምባ ላይ እስረኛ ነበር።

አዛውንቱ፦ አዎ! ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው ምኒልክ እጃቸው ገባ። አሳልፈው ቢሰጡት ልጃቸውን ሊያስመልሱ ይችላሉ። እንደሚተረከው እያወጡ እያወረዱ ሳለ ቴዎድሮስ ልጁን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር መግደላቸው ተሰማ። መለወጫው አልቋል። ሐዘናቸውን በምኒልክ ላይ መወጣት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም፤ አጃቢ ሰጥተው ወደ ሸዋ ሰደዱት። እኔ ብሆን ያቺን ሰዓት ነው የምሥለው። ወይዘሮዋ መሬት ላይ ይቁሙ፣ ፈረሱ የመንገደኛው ይሁን። ደግሞ ጨፋን ከሥዕሉ አውጪው። የእኛ ጨፋ ቦርከና የሚተኛበት ሜዳ ነው፤ የወርቂት አገር ወረ ሂመኖ ደጋና ገደል ነው።

ወጣቷ፦ ቴዎድሮስንስ? በጎን፣ በአንድ ዓይን ልሣላቸው?

አዛውንቱ፦ ተይ። ያ ሕግ ጻድቅና ኃጥእ ለተለየበት ሥዕል ነው። ቴዎድሮስን የሚወድ አገር ሙሉ ሰው አለ፤ ወሎም በዘመቻቸው ያየውን መከራ አልረሳም። ሁለቱንም አንቺ ልትሰርዢው አትችዪም። አምባው ጫፍ ላይ ከሩቅ አቁሚያቸው፣ ሁለት ዓይናቸውን ግን ሣዪ።

ወጣቷ፦ የሚከፋው ሰው ቢመጣስ?

አዛውንቱ፦ ይመጣል። ሥዕሉ ሲሰቀል አጠገቡ ቆመሽ ጥያቄውን ተቀበዪ። አሁን ግን ቀለም አትንኪ። አስቀድመሽ ወደ ወርቂት አገር፣ ወደ ተንታ ውጪና አሮጊቶቹን ጠይቂ፤ አያቶቻቸው ምን ይለብሱ፣ ራሳቸውን እንዴት ይሸፍኑ እንደነበር ይነግሩሻል።