ገጹ ሌላ፣ ሼሉ ሌላ

በኢማክስ ውስጥ ሼል መክፈት ቀላል ነው፤ አልትንና ኤክስን አብረን ተጭነን በላቲን ፊደል «ሼል» ብለን እንጽፍና ኢንተር እንመታለን። የሚከብደው የከፈትነው ነገር ምን እንደሆነ መረዳቱ ነው። ስለዚህ ከቁልፎቹ በፊት እሱን እንማር።

የተከፈተው ነገር ሁለት ነው። አንዱ በፈር የሚባለው፣ ኢማክስ ማንኛውንም ጽሑፍ የሚይዝበት ገጽ ነው። ሌላው ከበስተጀርባ የሚሠራው ፕሮግራም ነው፤ ባሽ ወይም ሌላ ሼል። ገጹ የታዘዘውንና የተመለሰውን ይይዛል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ፕሮግራሙ ነው። የችሎት መዝገብን አስቡ፤ ጸሐፊው የጻፈው ቢፋቅ ፍርዱ አይሻርም። ፋይል ያጠፋ ትእዛዝም ከገጹ ላይ ቢደመሰስ ፋይሉ አይመለስም።

ገጹ ጽሑፍ በመሆኑ ግን ብዙ እናተርፋለን። ረጅም የስህተት መልእክት ሲመጣ በውስጡ ቃል እንፈልጋለን፣ እንቀዳለን፣ በፋይል እናስቀምጣለን። ጠቋሚውን ወደ ላይ ወስደን በአንድ የቆየ ትእዛዝ ላይ ኢንተር ብንመታ፣ ኢማክስ ትእዛዙን ወደ ግርጌ ቀድቶ ዳግመኛ ይልከዋል። ይህ ምቹም አደገኛም ነው፤ ትእዛዙ የሚያጠፋ ከሆነ ሳይጠይቅ ይደግመዋልና። እኔ አልት-ፒን እመርጣለሁ፦ የቀደመውን ትእዛዝ ወደ ግርጌ ያመጣዋል እንጂ አይልከውም፤ አንብበን እንወስናለን።

ሁለተኛ ሼል ፈልገን አልት-ኤክስ ብለን «ሼል» ማለትን ብንደግም ኢማክስ ወደ ቀድሞው ገጽ ይመልሰናል። አዲስ የሚከፈተው ኮንትሮል-ዩን ስናስቀድም ነው፤ ያን ጊዜ የገጹን ስም ይጠይቃል። ያቀረበልንን ብንቀበል በቁጥር ብቻ የሚለዩ ገጾች ይበዙብናል። ስለዚህ በሥራቸው እንሰይማቸው፦ «ሙከራ»፣ «ዳታቤዝ»፣ «ሰርቨር»። ትራምፕ በተባለው የኢማክስ መሣሪያ አማካይነት የሩቅ ሰርቨር ፋይል ከከፈትንበት ገጽ ሆነን አዲስ ሼል ብናስነሣ፣ ሼሉ የሚሠራው በዚያው ሰርቨር ላይ ነው። ስም ያልለየ ሰው ለራሱ ኮምፒውተር ያሰበውን ትእዛዝ ወደዚያ ይልካል።

ያለንበትን ፎልደርም ኢማክስ የሚከታተለው የምንልካቸውን የ«ሲዲ» ትእዛዞች እያነበበ ነው፤ ሼሉን አይጠይቅም። ለፎልደር መቀየሪያ ለራሳችን ያወጣነውን አቋራጭ ስም ብንጠቀም ሼሉ ይሄዳል፣ ኢማክስ በነበረበት ይቀራል፤ ቀጥሎ ፋይል ልንከፍት ስንል ከተሳሳተ ቦታ ይጀምራል። መፍትሔው አልት-ኤክስ ብሎ «ዲርስ» ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሼሉን ራሱን ይጠይቃል።

ኤችቶፕን የመሰለ ሙሉ ስክሪን የሚይዝ ፕሮግራም እዚህ ገጽ ላይ አይሆንም፤ ለእሱ «አንሲ-ተርም» ወይም ቪተርም አለ። የኢማክስ «ሼል» ተርሚናል አይደለምና።

የሚሮጥ ትእዛዝ ለማቆም ኮንትሮል-ሲን ሁለቴ እንጫን፤ የመጀመሪያውን ኢማክስ ለራሱ ይወስደዋል። ፕሮግራሙ እየሠራ ገጹን ልንዘጋ ስንል ኢማክስ ያስጠነቅቀናል፤ አዎ ካልን ሁለቱም ይዘጋሉ። በ«ኤግዚት» ከወጣን ግን ፕሮግራሙ ብቻ ይሞታል። ከዚያው ገጽ ሳንወጣ እንደገና «ሼል» ብንል አዲስ ፕሮግራም በግርጌው ይነሣል፤ የቀድሞው ጽሑፍም ከበላዩ እንዳለ ነው።