ጃዕፈር በንጉሡ ፊት፣ አንተ በኤምባሲው ፊት



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! ምናልባት ይህን የምታነበው ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ላይ ጁሙዓ ሰግደህ ወደ ቤትህ ስትመለስ ይሆናል። ምናልባትም ስልክህ ውስጥ ከፊንላንድ ወይም ከስዊድን ዩኒቨርሲቲ የመጣ የቅበላ ደብዳቤ አለ። አልሐምዱሊላህ! ዕውቀት ፍለጋ መውጣት ትልቅ ነገር ነው። ግን ከደብዳቤው በኋላ የሚመጣ ፈተና አለ።

ፈተናው ገንዘብ ነው። በነዚህ የሰሜን አገሮች ትምህርት በነፃ ነው ሲባል የሰማኸው የድሮ ወሬ ነው። ዴንማርክ ከ2006፣ ስዊድን ከ2011፣ ፊንላንድ ከ2017፣ ኖርዌይ ከ2023 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ እንደኛ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣን የዲግሪና የማስተርስ ተማሪ ያስከፍላሉ። ከዚያ ሌላ የመኖሪያ ገንዘብ ማሳየት አለብህ። ፊንላንድ ለምሳሌ በወር 800 ዩሮ፣ ማለትም ለአንድ ዓመት 9,600 ዩሮ እንዳለህ እንድታሳይ ትጠይቃለች።

እዚህ ላይ ደላላው ይመጣል። «አታስብ! ብሩን ሂሳብህ ውስጥ እናስገባልሃለን። ስቴትመንቱ ከወጣ በኋላ ትመልሳለህ፤ ለኛ ደግሞ ትንሽ ትጨምራለህ» ይልሃል። «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሄደው» ብሎም ያጽናናሃል።

ወንድሜ! ይህ ሁለት ነገር ነው። የሌለህን አለኝ ብለህ መፈረም ውሸት ነው። በብድር ላይ የምትጨምረው ደግሞ ወለድ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ታሪክ እንመለስ። በነብይነት 5ኛው ዓመት ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ጓደኛውን ስጦታ አሸክመው ወደ ነጃሺ ላኩ። በመጀመሪያው ቀን አልተሳካላቸውም። በማግስቱ ዐምር ተመልሶ «ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይናገራሉ፤ ጠይቃቸው» አለ። ንጉሡ ክርስቲያን ነው፤ ሶሓቦቹ መጠጊያ የሌላቸው እንግዶች ናቸው። አንድ ቃል ሊያስባርራቸው ይችላል። ተመካከሩና የመጣው ይምጣ፣ እውነቱን እንናገራለን አሉ። ጃዕፈር (ረ.ዐ) ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛው መሆኑን ሳይሸፋፍን ተናገረ። ነጃሺም በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደላቸው፤ የቁረይሾችንም ስጦታ መለሰ።

እነሱ ለነፍሳቸው ያልዋሹትን እኛ ለቪዛ እንዋሻለን?

ደግሞ አስበው። ውሸቱ ከታወቀ ፈቃዱ ይከለከላል፤ ለወደፊት ማመልከቻህም ጥላ ያጠላበታል። ካልታወቀስ? አባትህ መሬቱን ሸጦ የመጀመሪያውን ዓመት ከፍሎልሃል፤ አንተ ደግሞ በታህሳስ ብርድ ባዶ ኪስህን ሄልሲንኪ ላይ ነህ። ያኔ ቀኑ 6 ሰዓት አይሞላም፤ ከዙህር እስከ መግሪብ 3 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ለቤት ኪራይ ስትሮጥ ትምህርቱም ሶላቱም ያመልጥሃል። «ሰገድክ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ እናት ወይም ጎረቤት እዚያ የለም። ማንም በማያይህ ቦታ አላህን መፍራት የሚለመደው ከዚህ፣ ከዚህች ፊርማ ጀምሮ ነው።

ሐላሉ መንገድ ዝግ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። የስዊድን ኢንስቲትዩት የማስተርስ ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያንም መኖሪያንም ይሸፍናል፤ የሚፈልገው የሥራ ልምድ ነው። ስለዚህ እዚህ ሁለት ዓመት መሥራት ወደ ኋላ መቅረት አይደለም። በስዊድንና በኖርዌይ የፒኤችዲ ተማሪ በአብዛኛው እንደ ሠራተኛ ደመወዝ ይከፈለዋል። ማስታወቂያውን ከደላላ አፍ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ራስህ አንብብ።

ከመወሰንህ በፊት ሦስት ነገር አድርግ፦
1. ኢስቲኻራ ስገድ።
2. ወላጆችህን አማክር፤ ሙሉ ወጪውን ሳትደብቅ ንገራቸው።
3. ኒያህን መርምር። የስደት ዋጋው በኒያ መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል፤ ኢማም ቡኻሪም ሰሒሓቸውን የከፈቱት በዚሁ ሐዲስ ነው።

ሪዝቅህ ሄልሲንኪ ከተጻፈ ማንም አይቀማህም። ካልተጻፈ የደላላ ስቴትመንት አያመጣልህም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት፣ ሐላል ሪዝቅና እውነተኛ ምላስ ይወፍቀን። አሚን!

በዚህ ቀን ሱረቱል ከህፍና ሶለዋት እንዳትረሱ።