ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ፈንክሽንን መመርመር

በዚህ እትም የምናየው በፓይተን አንድን ፈንክሽን ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ እንዴት እንደምንመረምር ነው። ሉፕና ፈንክሽን የተማረ ሁሉ ሊከታተለን ይችላል።

በፓይተን ፈንክሽን እንደ ቁጥርና እንደ ጽሑፍ ሁሉ ኦብጀክት ነው። «ደምር» የሚባል ፈንክሽን አለን እንበል (ፓይተን 3 የአማርኛ ፊደልን በስም ውስጥ ስለሚቀበል ምሳሌው የምር ይሠራል)። ስሙን ከነቅንፉ ስንጽፍ ሥራውን ሠርቶ ውጤት ይሰጠናል፤ ቅንፉን ስንተወው ፈንክሽኑን ራሱን እናገኛለን። ስለዚህ በሌላ ስም ልንይዘው፣ ሊስት ውስጥ ልንከተው እንችላለን። ታዲያ ከሊስት ያወጣነው የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ኔም የሚለውን ቃል በግራና በቀኙ ሁለት ሁለት አንደርስኮር አድርገን ከነጥብ በኋላ ብንጽፍ፣ ፈንክሽኑ ሲፈጠር የተሰጠውን ስም ይነግረናል። በኋላ በሌላ ስም ብንይዘውም የመጀመሪያውን አይለቅም። በላምዳ የተፈጠሩት ግን ሁሉም «ላምዳ» ስለሚሉን በስም አይለዩም። ያን ጊዜ በዚሁ አጻጻፍ ኮድ ወደሚባለው ክፍሉ ገብተን የፋይሉን ስምና ፈንክሽኑ የሚጀምርበትን መስመር እናነባለን።

ቆም ብለን ልናየው የሚገባው ክሎዠር ነው። ሦስት ሴንሰሮች አሉን፤ ንባባቸው በ10፣ በ20 እና በ30 መባዛት አለበት። በአንድ ፈንክሽን ውስጥ በሉፕ ሦስት ላምዳ ፈጥረን በሊስት መለስን። ለሦስቱም 2 ስንሰጣቸው 20፣ 40፣ 60 እንጠብቃለን፤ የሚመጣው 60፣ 60፣ 60 ነው። ኤረር የለም፤ ግራፉም ያምራል። እንዲህ ያለ ቁጥር ማንም ሳያየው ላብ ሪፖርት ውስጥ ይገባል።

ኮዱ ላይ ከማፍጠጥ ፈንክሽኖቹን እንጠይቅ። የመጀመሪያውን ላምዳ ክሎዠር ከፍተን ሴሉ የያዘውን ብናይ 30 ነው። የሁለተኛውም የሦስተኛውም 30። ሴሎቹን በ«ኢዝ» ብናወዳድር «ትሩ» ይለናል፤ ሦስቱም አንዲት ሴል ይጋራሉ ማለት ነው። ላምዳ ሲፈጠር ቁጥሩን ገልብጦ አይወስድም፤ ሲጠራ ሄዶ ያያል። ሲጠራ ደግሞ ሉፑ አልቆ ሴሏ 30 ላይ ቆማለች።

መፍትሔው ቁጥሩን ለላምዳው በዲፎልት መስጠት ነው። ዲፎልት የሚሰላው ፈንክሽኑ ሲፈጠር ነውና አሁን ዲፎልትስ የሚለውን ስናይ 10፣ 20፣ 30 ለየብቻቸው ተቀምጠው እናገኛቸዋለን፤ ክሎዠሩም «ነን» ይሆናል። ጥንቃቄ፦ ሉፑ ከፈንክሽን ውጭ ከተጻፈ ስህተቱ እያለም ክሎዠሩ «ነን» ነው። ቁጥሩን ያን ጊዜ ግሎባልስ ውስጥ እንፈልገዋለን።

ዲኮሬተር የምትጠቀሙ ደግሞ ስሙ የመጠቅለያው ሆኖ ሲመጣ አትደንግጡ። ከፈንክቱልስ ሞጁል ራፕስን ስንጨምር የዋናው ፈንክሽን ስም ይመለሳል።

መልመጃ፦ ባዶ ሊስት በዲፎልት የሚቀበልና በተጠራ ቁጥር አንድ ነገር የሚጨምርበት ፈንክሽን ጻፉ። ሊስቱን ሳትሰጡት ሦስት ጊዜ ጥሩትና ከእያንዳንዱ በኋላ ዲፎልትሱን አትሙ። ያያችሁትን ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም እንወያይበታለን።