የነቢያት ጾምና የሕፃናት ሽንት ጨርቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ጌታችን ልደት የምንጾመው ጾመ ነቢያት፣ ነቢያት በተስፋ የጠበቁትን ሕፃን እኛም የምንጠብቅበት ወቅት ነው። ለመሆኑ ሕፃን የሚጠብቅ ቤት ምን ያዘጋጃል? የገንፎው እህል፣ ቅቤው፣ አጥሚቱ አለ። ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ግን አያት ወይም አክስት ያረጀ ነጠላ ፈልጋ፣ አጥባ፣ ቀዳ፣ አጣጥፋ ታስቀምጣለች። ለምን እንደ ሆነ የወለደች ሁሉ ታውቀዋለች። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ስለ ሽንት ጨርቅ፣ በዘመኑ አነጋገር ስለ ዳይፐር ነው። «ይህ ደግሞ በጾም መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚል ወንድም ወይም እኅት ካለ የሉቃስን ወንጌል ገልጦ ይመልከት።

እመቤታችን ልጇን በወለደች ጊዜ ስለሆነው ነገር ወንጌላዊው የጻፈልን በጣም ጥቂት ነው። በመጠቅለያ እንደ ጠቀለለችው ግን ሳይጽፍ አላለፈም (ሉቃ. 2፥7)። እረኞቹም ሕፃኑን በምን እንደሚለዩት ሲነገራቸው የተሰጣቸው ምልክት ያው መጠቅለያውና ግርግሙ ነበር (ሉቃ. 2፥12)። ጌታችን ሥጋ ሲለብስ የሕፃን ሥጋ ነው የለበሰው፤ የሕፃን ሥጋ ደግሞ ጨርቅ ይፈልጋል።

ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔር ስለመረጠው ጾም ሲናገር እንጀራን ለተራበ መቁረስንና የታረዘን ማልበስን አንድ ላይ አስቀምጦታል (ኢሳ. 58፥7)። እንጀራውን እናውቅበታለን። ማልበስ ሲባል ግን ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኮትና ሹራብ ነው። አራስ ስንጠይቅ እንኳ የምንወስደው ቱታና ኮፍያ ነው፤ ሕፃኑ በቀን አሥር ጊዜ የሚቀየርለትን ነገር የሚወስድ ጥቂት ነው።

እስኪ በቀን ሥራ የምትተዳደር አንዲት እናትን አስቡ። ጠዋት ልጇን አዝላ ስትወጣ ያሰረችለት አንድ ዳይፐር እስከ ማታ እንዲቆይ ትፈልጋለች፤ ሌላ የለማ! ማታ ከፍታ ስታየው ቆዳው ቀልቶ፣ ተልጦ ታገኘዋለች። ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፤ ጎረቤትም አከራይም ያጉረመርማል። አንዳንዷ ዳይፐሩን አራግፋ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ መልሳ ታስርለታለች። ልጅ ማቆያ ላስገባው ብትል ደግሞ ብዙ ማቆያዎች ዳይፐሩን ይዛችሁ ኑ ነው የሚሉት። ስለዚህ ዳይፐር ያጣች እናት ሥራዋንም ልታጣ ትችላለች። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሊነሡ ሲመጡ ከኋላ ተሸሽጋ የምትቆም እናት ካያችሁ፣ ምናልባት የምታፍረው በዚሁ ነው።

ደግሞም ይህ ችግር ድምፅ የለውም። «ስለ እመብርሃን፣ ቁራሽ» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። «ስለ እመብርሃን፣ ሽንት ጨርቅ» ብሎ የለመነ ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትለምንም፤ ያሳፍራታል። ስለዚህ ሳትጠየቁ የምታስቡላት እናንተ ናችሁ። ሐዋርያው ያዕቆብ የታረዘውን ሰው ለሰውነቱ የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ በደኅና ሂድ ማለት ምን ይጠቅመዋል ብሎ የጠየቀው (ያዕ. 2፥15-16) እኮ እንዲህ ላለው ነው።

ይህ የድሀ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ለድሆች የሚሰጠው የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ዳይፐር አይገዛም። በአሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ አንድ አነስተኛ ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. በፈረንጆች ገና ሰሞን ዳይፐር ማሰባሰብ ጀመረ፤ ሥራው አድጎ ራሱን የቻለ የዳይፐር ባንክ ሆነ። በኒው ሄቨን ከተማም ጆአን ጎልድብለም የተባሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ እናቶች የተጠቀሙበትን ዳይፐር አራግፈው መልሰው ሲያስሩ አይተው በ2004 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሥራ ጀመሩ። በ2011 እ.ኤ.አ. በየከተማው ያሉት ባንኮች በአንድ አገር አቀፍ ኅብረት ተገናኙ። በዚያ አገር ያላችሁ ምእመናን በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ባንክ መኖሩን ጠይቁ። አዲስ ከመጀመር ያለውን ማገዝ ይቀላል።

ወደ እኛ እንመለስና፣ ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሒሳቡ ነው። አራስ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል፤ ከፍ ያለው ደግሞ 5 ወይም 6 ጊዜ። በቀን 6 ብንል በወር 180 ይሆናል። 40 ፍሬ የያዘ እሽግ ሳምንት እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በበዓል ቀን ለ100 እናቶች አንድ አንድ እሽግ ብናድል፣ ጭብጨባው ይደምቃል፤ በሳምንቱ 100ዎቹም ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ስለዚህ ጥቂት ቤተሰብ ይዞ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ይሻላል እንላለን። 12 አባላት ያሉት የጽዋ ማኅበር አንድ ሕፃን ቢይዝ፣ እያንዳንዱ አባል በዓመት 5 እሽግ ቢያዋጣ ዓመቱን ሙሉ ይበቃል። በጾሙ ከሥጋው፣ ከቅቤው፣ ከእንቁላሉ የተረፈው ገንዘብ የመጀመሪያውን እሽግ አይገዛም ትላላችሁ?

ማንን እንርዳ ለሚለው፣ በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የነበሩት መበለቶች በዕለት ዕደላው ስለተዘነጉ ነው ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት (ሐዋ. 6፥1-6)። በእኛም ሰፈር የምትዘነጋ አለች፤ ከገጠር መጥታ ዘመድ የሌላት፣ መንታ የወለደች፣ እምነቷ ከእኛ የተለየ ጎረቤት። የንስሐ አባቶችንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አማክሩ፤ እነርሱ ቤቱን ያውቁታል። ስም ዝርዝር በዐውደ ምሕረት አይነበብ። በመስመር አሰልፎ ፎቶ ማንሳት ደግሞ ጭራሽ ይቅር። ጌታችን ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ያለው (ማቴ. 6፥3) ለስልክ ካሜራም ይሠራል። አንዲት እናት፣ ብትችሉ የወለደች የምታውቀው፣ በማይታይ ዘንቢል ወይም ከረጢት አድርጋ ቤቷ ታድርስላት።

የሚሰጠው ሰው ሁሉ የሚገዛው የአራስ መጠን ነው፤ ሲያዩት ያምራል፣ ትንሽ ነውና። ሕፃን ግን ያን መጠን የሚያስረው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ሁልጊዜ የሚጎድለው ትልልቁ ነው። በእሽጉ ላይ ያለው ቁጥር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ የልጁን ኪሎ ጠይቃችሁ ግዙ። የተከፈተ እሽግ የሚያመጣ ቢኖር፣ ንጹሕና ደረቅ ከሆነ አትመልሱት። የዱቄት ወተት ግን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ። እስከ 6 ወር ሕፃኑ የሚበቃው የእናቱ ጡት ነው፤ ጡጦና ያልተጣራ ውኃ ተቅማጥ ያመጣሉ። ወተት የሚያስፈልገው ልጅ ካለ የጤና ባለሙያ ይወስንለት።

ዳይፐር ይሻላል ወይስ ጨርቅ? ይህ እንደ ቤቱ ነው። ውኃ በጀሪካን የምትገዛና ማስጫ ደጃፍ የሌላት እናት ጨርቅ ብትሰጧት ሸክም ነው የጨመራችሁላት። ውኃና ማስጫ ላላት ግን 20 ያህል ከጥጥ የተቀደደ ጨርቅ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ እየታጠበ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐዩ ጥሩ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ክረምት ሲገባ እንደገና አስቡበት። በየቤታችን ቁም ሣጥን ያለው ያረጀ ነጠላና አንሶላ የሚወጣው ለዚህ ነው። ጣቢታ ለመበለቶች ልብስ ትሠራ ነበር፤ ባረፈችም ጊዜ መበለቶቹ የሰፋችላቸውን እያሳዩ አለቀሱ (ሐዋ. 9፥36-39)። የሰንበት ትምህርት ቤት እኅቶች ጠርዙን ቢሰፉት አይተረተርም። ከጨርቁ ጋር ሳሙና፣ ቫዝሊንና መርፌ ቁልፍ ይጨመር። ቆዳው ቆስሎ በጥቂት ቀናት ያልዳነ ሕፃን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ያገለገለ ዳይፐር ውስጡ ፕላስቲክ ስላለው ቶሎ አይበሰብስም። ሽንት ቤት ከጣሉት ጉድጓዱን ይሞላዋል፤ ወንዝ ከጣሉት ከታች ያለው ሰው ይጠጣዋል። ኅዳር ሲታጠን አብሮ የሚያቃጥልም አለ፤ ጭሱ ለዚያው ሕፃን ነው የሚተርፈው። ጠቅልሎ በፌስታል አስሮ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ማስረከብ ነው።

ሽንት ጨርቅ የሚያስፈልገው ሕፃን ብቻ አለመሆኑንም አንርሳ። ከወገቡ በታች የማይታዘዝለት የ10 ዓመት ልጅ ያላት እናት አለች፤ አልጋ ላይ የቀሩ አረጋዊ አባት የምታስታምም ልጅ አለች። የአዋቂ ዳይፐር ዋጋው ከሕፃኑ ይበልጣል፤ እፍረቱም እንዲሁ። ማኅበራችሁ ከያዛቸው ቤቶች አንዱ እንዲህ ያለው ይሁን።

የመጀመሪያው እሽግ ከልደት በዓል በፊት ይድረስ። ከዚያ በኋላ በየወሩ የማኅበሩ ጽዋ በሚወጣበት ቀን አንድ ሰው ተመድቦ ያድርስ፤ በሄደም ቁጥር የልጁን ኪሎ ጠይቆ ይመለስ፣ ያድጋልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።