ስለ ቤት አሸንዳ አመራረጥና አጠባበቅ

በጂንካ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የአሪ ደጋማ መንደሮች ዝናብ ለእርሻ በረከት፥ ለቤት ግን ፈተና መሆኑን የማያውቅ ነዋሪ የለም። በዓመት የሚወርደው ዝናብ በልኬት ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ከዚህም የሚበዛው ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ሁለት ወቅቶች ይጥላል። ታዲያ ያ ሁሉ ውኃ የቆርቆሮውን ጫፍ ከለቀቀ በኋላ ወዴት ይሄዳል? በሄደበትስ መንገድ በጤናችን ላይ ምን ያደርሳል? በዚህ ወር ትምህርታችን የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ከአንድ ጣሪያ ስንት ውኃ ይወርዳል?

ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ ጣሪያ 48 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። እንግዲህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከዚህ ጣሪያ 1,440 ሊትር፥ ማለት ባለ 20 ሊትር 72 ጄሪካን ውኃ ይወርዳል። ጥቂቱ ቢረጭና ቢተን እንኳ የቀረው በቤቱ ግርጌ ይፈስሳል።

አሸንዳ በሌለው ቤት ይህ ውኃ ከግድግዳው ሥር እየወደቀ መሬቱን ይቦረቡራል፤ ጭቃ እየረጨ ምርጊቱን ያላሽቃል፤ ምሰሶውና ማገሩም እርጥበት ስለሚጠጡ በቶሎ ይበሰብሳሉ። ጎርፉ የመጸዳጃ ጉድጓድ ካገኘ ደግሞ ቆሻሻውን አውጥቶ በግቢው ይበትነዋል፤ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝም ያደርሰዋል። በየግቢው ተኝቶ የሚቀረው ኩሬ ፀሐይ ሲያገኘው የወባ ትንኝ መፈልፈያ ይሆናል፤ ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ስለምትገኝ ወባ ከሚያሠጋቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

የተዘነጋ አሸንዳ የሚያመጣው በሽታ

ብዙ ሰዎች አሸንዳ ካሰቀሉ በኋላ ነገሩ የተፈጸመ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የተዘነጋ አሸንዳ ቅጠልና ጭቃ ይሞላል፤ መካከሉም ይጎብጣል፤ ውኃም በውስጡ ይቆማል። ይህ የቆመ ውኃ ከዓይን በላይ ስለ ሆነ ማንም አያየውም። ትንኝ ግን ታገኘዋለች።

አካባቢያችን ይህን ነገር አቃልሎ ሊመለከት አይገባውም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው እንዳሳመመ፥ ወደ 30,000 የሚጠጋም እንደ ገደለ ተገምቷል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት የዚህ በሽታ ወረርሽኞች ከታላላቆቹ አንዱ ነው። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው በደቡብ ኦሞ እንደ ገና መታየቱ በላቦራቶሪ ስለ ተረጋገጠ በዚያው ዓመት የክትባት ዘመቻ ተደርጓል።

ቢጫ ወባ ስሙ ወባ ይባል እንጂ ከወባ የተለየ በሽታ ነው። የሚያስተላልፉት ኤደስ የሚባሉት ትንኞች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ዓይነት በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት በሚጠራቀም ውኃ ይራባል፤ ሌላው ዓይነት ቤት ለቤት እየኖረ በበርሜል፥ በአሮጌ ጎማ፥ በተሰበረ ገንቦና በተደፈነ አሸንዳ ይፈለፈላል። እንሰት ምግባችን ነውና አይነቀልም፤ አሸንዳችንን ማጽዳት ግን በእጃችን ነው።

ስለዚህች ትንኝ ሦስት ነገር ማወቅ ይገባል። አንደኛ፥ ከዕንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ በሞቃት ወራት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል፤ ስለዚህ ውኃ በአሸንዳ ውስጥ አንድ ሳምንት ሊቆም አይገባውም። ሁለተኛ፥ ዕንቁላልዋን የምትጥለው ከውኃው አፋፍ በላይ ባለው እርጥብ ግድግዳ ላይ ነው፤ ዕንቁላሉም ለብዙ ወራት ደርቆ ቆይቶ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። እንግዲያስ ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ የአሸንዳውን ውስጥ በቡርሽ መፈግፈግ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፥ የምትናከሰው በቀን ነው፤ አጎበር ሌሊት የተኛውን ይጠብቃል እንጂ በክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ተማሪ አይጠብቅም።

አሸንዳ ስንመርጥ

1ኛ፤ ስለ ልክ። ለ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር የአሸንዳ ሆድ ይሰጣል። ዝናቡ ኃይለኛ በሆነበት አገር ግን እጥፍ ማድረግ ይሻላል። ከላይ ባሰብነው ቤት እያንዳንዱ የጣሪያ ክንፍ 24 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ፥ ወርዱ 10 ጥልቀቱም 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አሸንዳ ያለ ችግር ይችለዋል። መውረጃው ቱቦ ከ75 ሚሊ ሜትር ባይጠብ መልካም ነው፤ ጠባብ ቱቦ በአንድ እፍኝ ቅጠል ይደፈናል።

2ኛ፤ ስለ ዕቃው። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ጭቃ በተኛበት ቦታ ይዝጋል። የፕላስቲክ አሸንዳ አይዝግም፤ ሆኖም ፀሐይ ብዙ ዓመት ሲመታው ይሰባበራል፤ በሙቀትም ስለሚለጠጥ በመገጣጠሚያው ላይ ጥቂት ክፍተት ይፈልጋል። አቅም ያነሰው ሰው ቀርቀሃ ለሁለት ሰንጥቆ ቢሰቅል አያፍርበትም፤ ብቻ አንጓዎቹ በደንብ መፋቅ አለባቸው፤ አለዚያ በየአንጓው ውኃ ይቆምና ለትንኝ ተራ በተራ የተደረደረ ገንዳ ይሆናል። ውኃው የሚጠጣ ከሆነ በእርሳስ የተበየደ መገጣጠሚያ ወይም እርሳስ ያለበት ቀለም አይደረግ።

3ኛ፤ ስለ አሰቃቀል። አሸንዳ ፍጹም ልክ ሆኖ መሰቀል የለበትም፤ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ሊዘቀዝቅ ይገባዋል። አናጢው ይህን በዓይኑ እንዳይገምት፥ ሲባጎ ወጥሮ በውኃ ልክ ያረጋግጥ። ጣሪያው ረጅም ሲሆን ከመካከል ወደ ሁለቱ ጫፍ ማዘቅዘቅና ሁለት መውረጃ ማድረግ ይሻላል። መያዣ ብረቶቹ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር እየተራራቁ ይመቱ፤ ከዚህ ቢራራቁ አሸንዳው ውኃ ሲሞላ ይጎብጣል። የቆርቆሮውም ጫፍ ወደ አሸንዳው አፍ ገባ ማለት አለበት፤ ካልሆነ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ግድግዳውን ያርሳል።

4ኛ፤ ስለ ውኃው መጨረሻ። ከቱቦው የሚወጣው ውኃ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ፥ ድንጋይ በተነጠፈበት ቦይ ይሂድ እንጂ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ አይለቀቅ። የራሱን ግድግዳ አድኖ የጎረቤቱን የሚያፈርስ ሰው ቤት ጠበቀ አይባልም።

ውኃውን ለማጠራቀም የሚፈልግ ሰው በርሜሉን ወይም ሮቶውን በክዳን ይግጠም፤ መግቢያውንም ትንኝ በማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ይሸፍን። ዝናብ ሲጀምር የሚወርደው የመጀመሪያው ውኃ የወፍ ኩስና አቧራ ያጠበ ስለ ሆነ ይደፋ፤ ለ1 ካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር ብናስብ ለ48 ካሬ ሜትር ጣሪያ 24 ሊትር መሆኑ ነው። የቀረውም ለመጠጥ ሲፈለግ ይፈላ ወይም በክሎሪን ይታከም።

አሸንዳን ስለ መጠበቅ

በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ አገር ሰዎች ቤታቸውን የሚያድሱት ክረምት ሳይገባ፥ በግንቦት ወር ነው። ይህ ልማድ ለዚያ አገር ደኅና ነው፤ ለጂንካ ግን አይሆንም፤ በግንቦት የመጀመሪያው የዝናብ ወቅት ወደ ማለቁ ነውና። እኛ አሸንዳችንን በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በየካቲትና በነሐሴ መጨረሻ እንጠርጋለን። ማንጎ ወይም ግራቪሊያ በጣሪያው ላይ ያጠላበት ቤት ደግሞ በየወሩ ቢታይ ይገባል፤ ወደ ጣሪያው የተዘረጋውም ቅርንጫፍ ይቈረጥ።

በጽዳቱ ቀን ቅጠሉና ደለሉ ይዛቃል፤ ውስጡ በቡርሽ ይፈገፈጋል፤ ከዚያም በላይኛው ጫፍ አንድ ባልዲ ውኃ ይፈስሳል። ውኃው ሳይዘገይ ከወረደ መልካም ነው፤ አንድ ቦታ ከቆመ በዚያ ያለው መያዣ ብረት ከፍ ሊደረግ ይገባል። መሰላል የሚወጣ ሰው ረዳት ይኑረው፤ በእርጥብ መሬትና በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ መሰላል አይቁም።

ለመምህራን

የትምህርት ቤት ጣሪያ ከቤት ጣሪያ ይሰፋል፤ ልጆችም በቀን ከሥሩ ይውላሉ። ስለዚህ መምህራን የክፍላቸውን ጣሪያ ርዝመትና ስፋት አስለክተው የዝናቡን ሊትር ለሒሳብ ትምህርት ቢያሰሉበት፥ ከበርሜል በብርጭቆ ውኃ ቀድተው የትንኝ እጭ ሲገለባበጥ ለተማሪዎች ቢያሳዩ፥ ቃላቸው ከብዙ ምክር ይበልጥ ይሰማል። በሳምንት አንድ ቀን፥ ለምሳሌ ዓርብ፥ ተማሪዎች ከመሬት ሆነው አሸንዳው የሚያንጠባጥብበትን ወይም ሣር የበቀለበትን ቦታ አይተው ይመዝግቡ። ወደ ላይ መውጣት ግን የትልልቅ ሰዎች ሥራ ነው።

ቢጫ ወባን የሚከላከል ክትባት አለ፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል። ትኩሳት ይዞት ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ከድዱና ከአፍንጫው ደም የሚፈስሰው ሰው ሲታይ፥ ቀን ሳይቈጠር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል፤ እኛ ደግሞ በዚህ ወር፥ ቅጠሉ ራሱ ጥፋት ከማምጣቱ በፊት ከአሸንዳችን እናውርደው እንላለን።