ትራክተር ከኋላ ሲጫን

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ትራክተር ምን አገባው የሚሉን አይጠፉም። ነገር ግን በአዳማ ጋሪ የተሳፈረ ሁሉ ትምህርቱን ጀምሮታል፤ ጭነት ከጎማው ኋላ ሲበዛ ዘንጎቹ ተነሥተው ፈረሱን ያንጠለጥሉታል። ትንሽ የእርሻ ትራክተር ከኋላው ጭነት ማንሻ ሲገጠምለትም ሕጉ ይኸው ነው።

ሃሪ ፈርጉሰን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያበቃው ባለሦስት ክንድ ማያያዣ በተለይ ለማረሻ የታሰበ ነበር። ማረሻን መሬት ይይዘዋል፤ የተንጠለጠለ ጆንያን ግን የሚይዘው የለም።

እስቲ እናስላ። ከኋላው አክስል 1.5 ሜትር ርቆ 300 ኪሎ ቢነሣ፥ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2 ሜትር ቢኖር፥ ከፊቱ ጎማ 225 ኪሎ ይቀንሳል። መሬት ያልረገጠ ጎማ ደግሞ ለመሪ አይታዘዝም።

ስለዚህ ከፊት ክብደት ይታሰራል፤ ጭነቱም ዝቅ ብሎ ይጓዛል። ዳገቱን ወደ ኋላ እየነዱ መውጣት ይሻላል። ክላቹንም በድንገት መልቀቅ አይገባም፤ የቀለለው አፍንጫ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው።